ሃያ ደቂቃ የማይበቃው መጽሐፍ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ የዚህ ወር ርዕስ፦ ኮሚክ

ስለ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች ስለሚነገር ታሪክ፣ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። በመልሶቻችን ውስጥ እያንዳንዱ ሥዕል የተከለለበትን መስመር “ሳጥን”፣ በሳጥኖች መካከል ያለውን ነጭ ቦታ “ክፍተት”፣ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ ደግሞ “ፊኛ” እንለዋለን።

ጥያቄ፦ ወዳጄ ከውጭ ሲመጣ አንድ ወፍራም የኮሚክ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። በጣም የተመሰገነ ነው አለኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጨረስኩት፤ ልቤ ውስጥ የቀረ ነገር ግን የለም። ጉድለቱ የእኔ ነው ወይስ የመጽሐፉ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የማናችሁም ላይሆን ይችላል። ጽሑፉን ብቻ አንብበው ይሆናል የጨረሱት። ዓይን ፊደል ካየ ሥዕሉን ትቶ ፊደሉ ላይ ይጣበቃል፤ ከአንዱ ፊኛ ወደ ሌላው እየዘለለ ገጹን ይጨርሰዋል። ያ የመጀመሪያው ንባብ ነው፣ ክፋት የለውም። ሁለተኛው ግን እንዲህ ይሁን።

ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ይምረጡ። ክንድዎን ዘርግተው ገጹን ራቅ አድርገው ይያዙት፤ ዓይንዎን ጠበብ አድርገው ይዩት። ፊደሉ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጥቁሩና ነጩ፣ ወይም የቀለሙ ክምችት ነው። ዓይንዎ መጀመሪያ የት አረፈ? ጎበዝ ሠዓሊ ያንን ቦታ ዝም ብሎ አይተወውም፤ ገጹ ሊነግረን የፈለገው ዋና ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ዓይንዎ ያረፈው ምንም በሌለበት ጥግ ከሆነ ግን ገጹ በደንብ አልተሣለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የተመሰገነ መጽሐፍም ሊሳሳት ይችላል።

ቀጥሎ ሳጥኖቹን ይቁጠሩ፣ ስፋታቸውንም ያስተያዩ። ሠዓሊው በእጁ ሰዓት የለውም፤ ያለው ስፋት ነው። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ሰፊ ሳጥን ያዘገየናል። ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ቀጫጭን ሳጥኖች ያቻኩሉናል። ሦስት በሦስት ሆኖ ወደ ዘጠኝ እኩል ሳጥን የተከፈለ ገጽ እንደ ከበሮ ምት ይሄዳል፤ ከአሥር ገጽ በኋላ ምቱን እንለምደውና መኖሩንም እንረሳዋለን። ያኔ ሠዓሊው ሁለት ሳጥን አፍርሶ አንድ ቢያደርግ ልክ ከበሮው እንደቆመ ያህል እንደነግጣለን።

ከሁሉም በላይ ግን ክፍተቱን ይዩ። ጀበና ዘንበል ብሎ ሲቀዳ የሚያሳይ ሳጥን አለ እንበል። ቀጣዩ ሳጥን ሲኒው ግማሽ ሲሞላ ካሳየን ሁለት ሰከንድ አልፏል። ቀጣዩ ሳጥን ባዶ ሲኒዎችና ዝንብ ካሳየን ግን አቦሉም ቶናውም በረካውም ተጠጥቷል፣ ሐሜቱም አልቋል። ማን አየው? ማንም አልሣለውም፤ እርስዎ ነዎት የሞሉት። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ቀጣዩ ሳጥን የዕጣኑን ጭስ፣ ከዚያ የሚቀጥለው የተጎዘጎዘውን ሣር፣ ከዚያ የምታንቀላፋውን ድመት ቢያሳየን ጊዜ ጨርሶ ይቆማል። ቤቱ ውስጥ በዓይናችን እየዞርን ነው። አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው የኮሚክ ጥናት ይህን ከሳጥን ወደ ሳጥን መሸጋገር በስድስት ዓይነት ከፍሎታል። የምዕራቡ ጀብዱ ታሪኮች ከድርጊት ወደ ድርጊት መሄድ ይወዳሉ፤ ያ የድመቷ ዓይነት ደግሞ በጃፓን ኮሚክ ውስጥ በብዛት ይገኛል።

እርሳስ ይዘው በአንድ ገጽ ክፍተቶች ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይጻፉ፦ “1 ሰከንድ”፣ “ሌሊቱ”፣ “ሌላ ቦታ”። (በስጦታ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ከከበደዎት ስስ ወረቀት ደርበው።) ከሦስት ገጽ በኋላ ደራሲው የት እንደሚቸኩል፣ የት እንደሚያመነታ በግልጽ ይታይዎታል።

የዚህ ጥበብ ጫፍ የት ደርሶ እንደነበር ለማየት የሚፈልግ አሜሪካዊው ሠዓሊ በርናርድ ክሪግስታይን እ.ኤ.አ. በ1955 የሣላትን “ማስተር ሬስ” የተባለች ስምንት ገጽ ታሪክ ይፈልግ። የናዚ ካምፕ አዛዥ የነበረ ሰው ኒውዮርክ ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡር ሲሄድ የሚያውቀው ሰው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ይሸሻል፤ ሐዲዱ ላይ ይወድቃል። ታሪኩ የተመደበለት 6 ገጽ ነበር። ክሪግስታይን 12 እንዲሆን ጠይቆ 8 ተፈቀደለት፤ ቦታው አልበቃ ሲለው ሳጥኖቹን እንደ ሥጋ ዘልዝሎ ቀጫጭን አደረጋቸው። የአንድ ሰከንዷ አወዳደቅ በተርታ ተቆራርጣ ትታያለች። ባቡሩ ሲያልፍም በየመስኮቱ ያሉት ፊቶች ተደጋግመው፣ ፍጥነቱን ዓይናችን ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የወጣው በ10 ሴንት በሚሸጥ መጽሔት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ኮሚክ ለተማሪዎች ማስተማር አስቤ መጽሐፍ አጣሁ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ግን የንግሥት ማክዳና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በጨርቅ የተሣለበት አለኝ። እሱ ኮሚክ ይባላል?
መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ይባላል ብለን እንከራከራለን። ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን አለው። በረድፍ ተደርድሮ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። በየሳጥኑ ጽሑፍ አለ፤ ንግሥቲቱ በአንድ ረድፍ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ትመላለሳለች፣ እኛም አራት ንግሥት አለ አንልም፤ ጊዜ አለፈ እንላለን። ዋናው ነገር ይኸው ነው። የሌለው ፊኛ ነው፤ ነገር ግን በስዊዘርላንድ ጄኔቭ ሮዶልፍ ቶፕፈር እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያሳተማቸው፣ ብዙዎች የዘመናዊ ኮሚክ መነሻ የሚሏቸው ታሪኮችም ፊኛ አልነበራቸውም፤ ጽሑፋቸው ከሥዕሉ ሥር ነበር።

ልዩነቱን ግን ለተማሪዎችዎ አይደብቁ። በጨርቁ ላይ ሳጥኑ ሁሉ እኩል ነው፤ ዘንዶው የተገደለበትም፣ ነጋዴው ታምሪን የተጓዘበትም አንድ ስፋት አላቸው። ሰዎቹ ሁልጊዜ ከእግር እስከ ራስ ይታያሉ፤ እጅ ብቻ ወይም ዓይን ብቻ አይቀርብም። የስሜት ሥራው በሌላ ዘዴ ነው የሚሠራው፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የአድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይም ጣሊያኖቹ በጎን የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድም ፊኛ ሳያስፈልግ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል።

ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህን ይሞክሩ። ሥዕሉን በስልክ አንስተው 44ቱን ሳጥን ለየብቻ ያትሙ፤ ጽሑፉን ይሸፍኑ። አራት አራት ሆነው ይቀመጡና እያንዳንዱ ቡድን ታሪኩን በ6 ሳጥን ብቻ ይንገር፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ዘንዶውን፣ ግብዣውን፣ የታቦቱን መምጣት ይመርጡና የጉዞ ሳጥኖቹን ይጥሏቸዋል። ያኔ ንግሥቲቱ ከአክሱም ኢየሩሳሌም ልክ ጎረቤት እንደምትሄድ ሆና ትቀራለች። ሩቅነቱን የተሸከሙት እነዚያ “ምንም የማይሆንባቸው” ሳጥኖች ነበሩ።

በቀረው ጊዜ የውኃውን ትዕይንት ይሣሉ። ንግሥቲቱ ከቤቱ ያለ ፈቃድ ምንም ላለመውሰድ ቃል ገብታለች፣ የበላችው ቅመም ያቃጥላል፣ ሌሊት ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል ንጉሡ ይይዛታል። በጨርቁ ላይ ይህ በአንድ በሁለት ሳጥን ያልቃል። ተማሪዎቹ አምስት ያድርጉት፤ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሰው የማይታይባቸው ይሁኑ፤ ውኃው ብቻ፣ የተዘረጋ እጅ ብቻ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የጃፓን ኮሚክ ካልሆነ አታነብም። መጽሐፉን ከኋላ ትጀምረዋለች። ሰዎቹ ዓይን ብቻ ናቸው፤ አንዳንዴ ሦስት ገጽ ሙሉ የሚናገር የለም። አብሬያት ላነብ ሞክሬ ጠፋብኝ።
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ከኋላ አይደለም የምትጀምረው፤ የጃፓን መጽሐፍ ፊቱ እዚያ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ገጹን ከላይ ከቀኝ ጥግ ይጀምሩ፤ ረድፉን ወደ ግራ ጨርሰው ወደ ታች ይውረዱ። የጠፋብዎት ምናልባት በሳጥኑ ውስጥ ነው፦ እዚያም ቢሆን የቀኙ ፊኛ መጀመሪያ ይነበባል። ይህን የማያውቅ ሰው መልሱን ከጥያቄው በፊት እያነበበ “ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?” ይላል።

ቀደም ሲል አሜሪካ ውስጥ የሚታተሙ ትርጉሞች ገጹን እንደ መስተዋት ይገለብጡት ነበር። ያኔ ቀኝ እጁ ሁሉ ግራኝ ሆነ። የባሰው ደግሞ ልብሱ ነው፦ ኪሞኖ በሕይወት ያለ ሰው ሲለብሰው የግራው ጫፍ ከላይ ይደረባል፤ የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። ገጹ ሲገለበጥ ጀግናው በሙሉ ጤንነቱ ተገንዞ ይሄዳል። ነጠላ ለሐዘንና ለደስታ እንዴት እንደሚለበስ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን ጃፓኖቹን እንዳስከፋ አይነገረውም። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሳይገለበጥ ማተም የተለመደ ሆኗል።

ስለ ዝምታው፦ ብዙዎቹ ታሪኮች መጀመሪያ የሚወጡት በየሳምንቱ በሚታተም ወፍራም መጽሔት ላይ ሃያ ገጽ ገደማ እየሆኑ ነው። ገጹ ስላለ አንድን እይታ በሦስት ገጽ መዘርጋት ይቻላል፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ያንኑ በአንድ ሳጥን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዝም ያሉትን ገጾች አይዝለሉ፤ ከተናገሩት እኩል ጊዜ ይስጧቸው። የዓይኖቹ ትልቅነት በአብዛኛው ከጃፓናዊው ሠዓሊ ከኦሳሙ ቴዙካ የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ የዲዝኒን ፊልሞች አፍቃሪ ነበር። ፊቱ በጥቂት መስመር፣ ከጀርባው ያለው መንገድና ቤት ግን እስከ ኤሌክትሪክ ሽቦው ድረስ ተዘርዝሮ ይሣላል፤ ልጅዎን “ይህን ቦታ ለምን እንዲህ አድርጎ ሣለው?” ብለው ይጠይቋት። ከእርስዎ የበለጠ እንደምታውቅ እንገምታለን።

ጥያቄ፦ በድሮ የአሜሪካ ኮሚኮች ላይ የሰው ፊት በነጠብጣብ የተሞላው ለምንድነው? ማተሚያው ተበላሽቶ ነው?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ አልተበላሸም። ማተሚያ ቤቱ ያለው ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ፈዛዛ ቀለም የሚገኘው ነጠብጣብ በማሳሳት ነው። ከጥቁሩ በቀር ሦስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው በአራት ደረጃ ይታተሙ ነበር፦ ምንም፣ 25 በመቶ፣ 50 በመቶ፣ ሙሉ። አራት በአራት በአራት ሲባዛ 64 ቀለም ይሰጣል፤ ጠቅላላው ይኸው ነበር። ጀግኖቹ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የሚለብሱትም ሙሉ ቀለም በርካሽ ወረቀት ላይ ስለማይጨቀይ ነው። የከንፈሩ ቀይ ከከንፈሩ ወጥቶ ጉንጭ ላይ ካዩት ግን እሱ እውነትም የማተሚያው ስሕተት ነው፤ የየቀለሙ ማተሚያ ሳህኖች አልገጠሙም።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ባለ 12 ገጽ ኮሚክ በአማርኛ እየሠራሁ ነው። ሥዕሉን ጨርሼ ንግግሩን ሳስገባ አይበቃኝም። አሳንሼ ስጽፈው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሲሆን አይነበብም። ምን ላድርግ?
ከአዳማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የተሳሳትከው ቅደም ተከተሉን ነው። ፊኛ በተረፈ ቦታ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ንግግሩን በእርሳስ ጻፍ፣ ፊደሉን በቀለም አጥብቀው፣ ከዚያ ዙሪያውን የአንድ ፊደል ያህል ቦታ ትተህ ፊኛውን ክበብ፣ ሥዕሉ በመጨረሻ ይምጣ። የሳጥኑን የላይኛ አንድ ሦስተኛ ከመጀመሪያው ለጽሑፍ ተወው፤ ጣሪያና ሰማይ ብዙ አያጓጓም።

ስለ መጠን። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች አንድ ፊኛ ከ25 ቃል፣ አንድ ሳጥን ከ35 ቃል እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ይህን ቁጥር አትውሰደው። የእኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም አዝሎ ስለሚሄድ “አልነገርኳትም” አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው አራት ይፈልጋል። ፊደል ቁጠር፦ በአንድ ፊኛ 45 ፊደል ገደማ፣ ከ4 መስመር ያልበለጠ፣ ረጅሙ መስመር 12 ፊደል። መስመሮቹ ከላይና ከታች አጠር፣ ከመካከል ረዘም ይበሉ፤ ያኔ ክቡ ባዶ ጥግ አይኖረውም። ቃል ከመካከሉ አትቁረጥ። የብራና ጸሐፊዎች መስመር ሲያልቅባቸው ይቆርጡ እንደነበር እናውቃለን፣ የዛሬ አንባቢ ግን ይደናቀፋል። አራት ነጥብም ሆነ ነጠላ ሰረዝ የአዲስ መስመር መጀመሪያ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

ስለማይነበበው። ኤ3 ላይ ሥራና ወደ ኤ4 አሳንሰው፤ ይህ ሁሉን ነገር ወደ 71 በመቶ ያወርደዋል። የፊደሉን ቁመት 3.5 ሚሊ ሜትር ካደረግከው ሲታተም 2.5 ይሆናል፤ ከዚያ በታች አትውረድ። በመስመሮች መካከል 2 ሚሊ ሜትር ተው፤ እንደ ሏ፣ ሟ፣ ቧ ያሉት ከግርጌያቸው ጭረት ስላላቸው የታችኛውን መስመር ይነካሉ። ቀጭን ብዕር ፊደል ላይ አትጠቀም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለማይከፈል መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ለኮሚክ ይመቻል፤ ድክመቱ ግን ከላይ ያለችው ጭረት ናት። ነ ከኘ፣ ተ ከቸ፣ ሰ ከሸ የሚለዩት በእሷ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒው እሷን ከበላት “ሸማ” ያልከው “ሰማ” ሆኖ ይወጣል። ጭረቷን ከልክ በላይ ከፍና ወፈር አድርገህ ጻፋት። እንደ ጨና ጬ ያሉት ደግሞ ቀለም እንዳይሞላቸው እግሮቻቸውን ፈርከክ አድርጋቸው። ስካን ስታደርግ ጥቁርና ነጭ ሥዕል በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ይሁን፤ 300 ለባለ ቀለም ይበቃል።

የፊኛው ጅራት ወደ አፍ ያመልክት፣ አፉን ግን አይንካ፤ ከግማሽ መንገድ ትንሽ አልፎ ይቁም። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው በግራ በኩል ይቁም። ይህን ሥዕሉን ከመጀመርህ በፊት ካልወሰንክ በኋላ ጅራቶቹ እንደ ገመድ ይጠላለፋሉ።

ጩኸት በትልቅ ፊደል ይገለጥ፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም በትልቁ ስለሚጽፍ የሚጮኸውን ለማጉላት ይቸገራል፣ አንተ ግን ውፍረትና ቁመት ነፃ ናቸው። አንዳንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ መጻፍ አያስፈልግህም፦ “ና” እና “ይምጡ” ብቻቸውን ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ ይናገራሉ። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው ችግርም እዚህ ይቀልላል፤ “ዋና” የሚል ፊኛ ከወንዝ ዳር ካለ ማንም “ዋና ሥራ አስኪያጅ” ብሎ አያነበውም።

የድምፅ ቃላትን ከእንግሊዝኛ አትዋስ። “ቡም” ምን ይሠራልሃል? “ዘጭ”፣ “ድው”፣ “ጧ”፣ “ቋ”፣ “ጠሽ”፣ “ሽው” አሉህ፤ ዘጭ ያለው ከባድና ለስላሳ እንደሆነ፣ ቋ ያለው ደረቅ እንደሆነ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። ከዚህም አልፎ አማርኛ ድምፅ ለሌለውም ቃል አለው፦ መብራት ሲጠፋ “ድርግም”፣ ሲበራ “ቦግ”፣ ሰው ሳይታሰብ ሲደርስ “ከች”፣ ሲሰወር “እልም”። ጃፓኖች ለዝምታ ራሱ የተለየ የድምፅ ቃል አላቸው፤ በባዶ ክፍል ሥዕል ላይ በትልቁ ይጽፉታል። የእኛ “ጭር” ምን አነሰው? እነዚህን ፊኛ ውስጥ አትክተታቸው። ከሥዕሉ ጋር አብረህ በእጅህ ሣላቸው፣ በኮምፒውተር ፊደል ስትለጥፋቸው ሞተው ይቀራሉ። ዘጭ ካለ የጭ ሦስት እግሮች መሬቱን ይሰንጥቁት።

ጥያቄ፦ ኮሚክ የልጆች ነው ብዬ የማምን ትልቅ ሰው ነኝ። ሐሳቤን የሚያስለውጡኝ ጥቂት መጽሐፎች ይጠቁሙኝ።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ “ፐርሰፖሊስ”፣ የኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ፤ በጥቁርና ነጭ ብቻ፣ ምንም ግራጫ የለውም። ጥቁሩ የት እንደሚበዛ ይከታተሉ። “አያ”፣ ማርጌሪት አቡዌ ጽፋው ክሌማን ኡብሬሪ የሣለው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያለች የኮትዲቯሯ አቢጃን፤ ጦርነትና ረሃብ የሌለበት፣ የሰፈር ወሬና ፍቅር የሞላበት። የሌሊቱን ብርሃን ቀለም ይዩ። በአማርኛ ማንበብ ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው “ጀምበር” አለ፤ የልዕለ ኃያል ጀግና ታሪክ ስለሆነ ለእርስዎ ሳይሆን ለልጅዎ ይሻል ይሆናል፤ ግን ፊኛዎቹን ለማየት ይጠቅማል።

አንድ ብቻ ከሆነ የሚያነቡት ግን የአርት ስፒገልማንን “ማውስ” ይያዙ። አባቱ ከናዚዎቹ የአውሽዊትስ ካምፕ እንዴት እንደተረፈ ይተርካል፤ አይሁዶቹ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት ሆነው ተሥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ለአዳማው ወጣት ኤ3 ላይ ሥራና አሳንስ ብለናል፤ ስፒገልማን ግን መጽሐፉን የሣለው በሚታተምበት ልክ ነው፣ አላሳነሰውም። ማሳነስ የእጅን መንቀጥቀጥ ይደብቃል፤ እዚያ አልተደበቀም፤ መስመሮቹን ጠጋ ብለው ቢያዩ የብዕሩ ጫፍ የት እንደቆመ ይታያል።